ለአንድ ግንብ ሲባል የወጣ ሕግ

መንግሥት ፍርድ ቤት ሲረታ ምን ያደርጋል? ወይ ፍርዱን ይቀበላል፣ ወይ የተረታበትን ሕግ ይቀይራል። አየርላንድ በ2004 ሁለተኛውን መረጠች (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ሰበቡ ከደብሊን በስተደቡብ የሚገኝ ካሪክማይንስ የተባለ የፈረሰ ግንብ ነው።

ግንብ ሲባል የጎንደርን የምታስቡ ትኖራላችሁ። ከመሬት በላይ የቀረው ግን የእርሻ ቤት ግድግዳ ውስጥ የተዋጠ የበሩ ቁራጭ ብቻ ነበር። በመካከለኛው ዘመን እንግሊዞች በደብሊን ዙሪያ የያዙት አካባቢ «ፔል» ይባላል። ካሪክማይንስ በዚያ ወሰን ደቡባዊ ጠርዝ ላይ የዋልሽ ቤተሰብ የተመሸገ መኖሪያ ነበር። ሥራውም ከዊክሎ ተራሮች እየወረዱ የሚያጠቁትን አየርላንዳውያን መመከት ነበር።

ኋላ ነገሩ ተገለበጠ። በ1641 ካቶሊኮች ሲያምፁ፣ ካቶሊኮቹ ዋልሾች ከዐማፅያኑ ጎን ቆሙ። ለደብሊን ዘብ የቆመው ግንብ በማርች 1642 ከዚያው ከደብሊን በተላከ የእንግሊዝ ጦር ተከበበ። የጦሩ አዛዥ ሰር ሳይመን ሃርኮርት በጥይት ተመቶ ሞተ። ወታደሮቹ ጥሰው ሲገቡ ውስጥ ያገኙትን ፈጁ፤ ሴትና ሕፃን አልለዩም።

ይህ ሁሉ በጽሑፍ የታወቀ ነበር። ማስረጃው ከአፈር የወጣው ግን የኤም 50 ቀለበት መንገድ የመጨረሻ ክፍል በቦታው ሊያልፍ ሲል፣ በ2000 በተጀመረው ቁፋሮ ነው። ከዐለት ተፈልፍሎ የወጣ፣ በድንጋይ የተገነባ የመከላከያ ቦይ ተገኘ። የጅምላ መቃብርም ተገኘ፤ ከተቀበሩት መካከል ሴቶችና ልጆች ነበሩበት። ገበሬ ከብት ያሰማራበት የነበረ መስክ እንዲህ ያለ ነገር ይዞ ኖሯል።

መንገዱን የተቃወሙ ዜጎች በ2002 ቦታው ላይ ሰፈሩ፤ ከዚያም ከሰሱ። የ1930ው የቅርስ ሕግ ብሔራዊ ሐውልትን ያለ ፈቃድ መንካት ይከለክላል። በፌብሯሪ 2003 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሥራውን አገደ። መንግሥት ፈቃድ ሰጥቼ ልቀጥል አለ፤ በ2004 መጀመሪያ ላይ በድጋሚ በፍርድ ቤት ተገታ።

በዚያው ዓመት ፓርላማው የማሻሻያ ሕግ አጸደቀ። አንዱ አንቀጽ ይህንኑ መንገድ ለይቶ ጠቅሶ ሥራው እንዲያልቅ ፈቀደ። ሚኒስትሩም በሌሎች ቅርሶች ላይ ሰፊ ሥልጣን አገኙ። መንገዱ በ2005 ተከፈተ።

የመንግሥትን ክርክር አላጣጥልም። የደብሊን መጨናነቅ እውነት ነበር፣ የመዘግየቱም ወጪ የሕዝብ ገንዘብ ነው። በዚያው አካባቢ የእርሻ መሬት ወደ ሌላ አገልግሎት የተለወጠበት ሂደት ግን በሙስና አጣሪ ችሎት ሲመረመር የነበረ ነው። «መንገዱ ለምን በዚህ በኩል?» ብሎ መጠየቅ ልማትን መጥላት አልነበረም። ደግሞስ መንገድ ማጠፍ ይቻላል፤ ዳኛ የተናገረውን ለአንድ ጉዳይ ሲባል በሕግ ማጠፍ ሌላ ነገር ነው።

ሕጉም ካሪክማይንስ ላይ አልቆመም። በ2007 የጥንት ነገሥታት ይነግሡበት በነበረው በታራ ኮረብታ አጠገብ፣ በኤም 3 አውራ ጎዳና መስመር ላይ፣ ሊስሙሊን በተባለ ቦታ ከግንቡ እጅግ የቀደመ ክብ የሥርዓት ስፍራ ተገኘ። ሚኒስትሩ በአዲሱ ሥልጣናቸው «ተመዝግቦ ይጠበቅ» ብለው ፈረሙ። ማለትም ተቆፍሮ፣ ተለክቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ይነሣ። ጎዳናው በ2010 ተከፈተ።