ሰሙ ላይ የቀረው ድምፅ

ነሐሴ 1890 ዓ.ም። ከዓድዋ ድል ሁለት ዓመት ተኩል አልፏል። የሰባ ዘጠኝ ዓመቷ የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በኦዝቦርን ቤታቸው ከአንድ የድምፅ መቅረጫ ፊት ሆነው ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ተናገሩ። ንግግሩ የተላከው ለአገራቸው ሕዝብ አልነበረም። ለዳግማዊ አፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ነበር።

ድምፁ የተቀረጸበትን የሰም ሲሊንደር ወደ አዲስ አበባ ይዞ የመጣው የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ሆኖ የተሾመው ካፒቴን ጆን ሐሪንግተን ነው። ምኒልክ መልእክቱን ደጋግመው አዳመጡት። ለክብሩም መድፍ ተተኮሰ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ንግሥቲቱ የተናገሩት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ጆሮ ቀድሞ የገባው የሰውየዋ ድምፅ እንጂ የቃሉ ትርጉም አልነበረም። ደብዳቤ ቢሆን ኖሮ ተርጓሚው አንብቦ በጨረሰ፣ ነገሩም በዚያው ባለቀ ነበር። ያን ቀን ግን አይተዋት የማያውቋት ንግሥት እልፍኛቸው ገብታ አናገረቻቸው።

ከዚያ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ ተደረገ። ይህ ቀድሞ የታዘዘ ነገር ነበር፤ ንግሥቲቱ ድምፃቸው በየሰው እጅ እንዲዞር አልፈለጉም። ምኒልክና ጣይቱ በበኩላቸው በዚያው መሣሪያ ተናግረው መልስ ላኩ። የእነሱ ድምፅ ግን አልጠፋም። ዛሬ ማንም ሰው ስልኩን ከፍቶ፣ በጭርጭርታ ውስጥም ቢሆን፣ ያዳምጠዋል።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ፎኖግራፍ የመጣው ይህን አባባል ሊያፈርስ ነው። ከዚያ ወዲህ ቃልም እንደ መጽሐፍ የሚወረስ ሆነ። ጥያቄው ወራሹ ማን ነው የሚለው ነው። የወረሰውንስ እንዴት ማዳመጥ አለበት?

▪️ የምኒልክ መልስ ምን ነበር?

ብዙ ሰው ይህን ቅጂ የሚያደምጠው «የምኒልክ ድምፅ ምን ይመስላል?» ብሎ ነው። ጉጉቱ አያስወቅስም። ነገር ግን የቋንቋ ምሁሩ አብርሃም ደሞዝ እ.ኤ.አ. በ1969 የመልእክቱን ቃል በጽሑፍ አውጥተው ሲያስጠኑት፣ ከሰላምታውና ከምስጋናው ቀጥሎ የፖለቲካ ጉዳይ መኖሩ ግልጽ ሆነ። ጉዳዩ መተማ ነው። ምኒልክ አፄ ዮሐንስ የወደቁባት ቦታ መሆኗን አንስተው፣ ንግሥቲቱ እንዲረዷቸው ይጠይቃሉ።

ጊዜውን ማስታወስ ይገባል። እንግሊዝ ሱዳንን ከመሐዲስቶች እጅ ለመንጠቅ ወደ ኦምዱርማን እየገሠገሠች ነበር። ፈረንሳይ ደግሞ በፋሾዳ በኩል ወደ ነጭ ዓባይ ደርሳለች። ለንደን በዚህ መሐል የኢትዮጵያን ወዳጅነት ትፈልጋለች፤ ቢያንስ ጠላትነቷን አትፈልግም። የንግሥቲቱ ድምፅ የተላከው በዚህ ሒሳብ ነው። ምኒልክም ሒሳቡ ገብቷቸዋል። የተላከላቸውን መሣሪያ እንደ መጫወቻ አልቆጠሩትም፤ የድንበር ጥያቄ አስገቡበት። አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በ1894 ዓ.ም፣ ሁለቱ መንግሥታት የሱዳንን ድንበር ውል ተፈራረሙ። ዛሬ መተማና ጋላባት በአንድ ድልድይ ወዲያና ወዲህ ሆነው ይተያያሉ። ያ ድልድይ በየጊዜው ሲዘጋና ሲከፈት ዜና የሚከታተል ሰው፣ የጉዳዩን መነሻ በሰም ላይ በተቀረጸ የንጉሥ ድምፅ ሊሰማው ይችላል።

ስለዚህ ቅጂውን «ጥንታዊ ድምፅ» ብሎ ማለፍ ግማሹን መተው ነው። በቅኔ ቋንቋ እንናገር ከተባለ፣ የሚሰማው ጭርጭርታና ሰላምታ ሰሙ ነው። ማን፣ ለማን፣ ለምን፣ በማን መሣሪያ ተናገረ የሚለው ደግሞ ወርቁ ነው።

▪️ ጆሮም ይሳሳታል

«በጆሮዬ ሰማሁ» ማለት ማስረጃ ይመስላል። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

ቶማስ ኤዲሰን ድምፅን ቀርጾ መልሶ ማሰማት የቻለው እ.ኤ.አ. በ1877 ነው። ከእሱ ሃያ ዓመት ቀድሞ ኤዱዋር ሊዮን ስኮት ደ ማርተንቪል የተባለ ፈረንሳዊ፣ የድምፅን ሞገድ በጥላሸት በጠቆረ ወረቀት ላይ የሚጭር መሣሪያ ሠርቶ ነበር። የስኮት መሣሪያ መጻፍ እንጂ ማሰማት አይችልም። እሱም ያሰበው ድምፅ በዓይን እንዲነበብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ስኮት ሚያዝያ 9 ቀን 1860 የጫረውን ወረቀት በኮምፒውተር አንብበው ወደ ድምፅ መለሱት። የወጣው የታወቀ የፈረንሳይ ሕዝብ ዜማ ቁራጭ ነበር። የዘፋኙ ድምፅ ቀጭን ስለሆነ ዓለም «የሴት ወይም የልጃገረድ ድምፅ ነው» ብሎ ተቀበለው። ወደ አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ቅጂውን በእጥፍ ፍጥነት ሲያጫውቱት እንደነበር ተረዱ። በትክክለኛው ፍጥነት ሲሰማ ልጃገረዷ ጠፍታ ጎልማሳ ወንድ ወጣ፤ ምናልባትም ራሱ ስኮት ነበር።

ትምህርቱ ቀላል አይደለም። ድሮ በሲሊንደርና በሸክላ የተቀረጹ ድምፆች የፍጥነታቸው ልክ ሁልጊዜ በትክክል አይታወቅም። ፍጥነቱ ትንሽ ሲዛባ የረጋ ተናጋሪ ቁጡ ይመስላል፤ ሽማግሌው ወጣት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1925 ገደማ የኤሌክትሪክ ማይክሮፎን እስኪመጣ ድረስ ድምፅ የሚገባው በቀንድ መሰል መለከት ብቻ ስለነበር፣ በጣም ወፍራሙና በጣም ቀጭኑ ድምፅ ውጭ ይቀራል። እንደ በገና ያለ የሚያጉረመርም መሣሪያ በዚያ ቀንድ ውስጥ ሲገባ ግማሽ ነፍሱን ይጥላል። ሹክ የሚል ሰው ጨርሶ አይገባም። ታሪክ ጮክ ብለው ለተናገሩት ያደላ የመሰለው አንድም በመሣሪያው ምክንያት ነው።

▪️ ተሰማ እሸቴ፦ «ተቀበል» ባይ የሌለበት ማሲንቆ

ወደ አገራችን የሙዚቃ ታሪክ ስንመጣ መጀመሪያ የሚነሣው ስም ተሰማ እሸቴ ነው። ምኒልክ የመኪና ሙያ እንዲማር ወደ ጀርመን ላኩት። በ1900ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ በዚያው በጀርመን ሳለ ማሲንቆውን ይዞ በሸክላ ተቀረጸ። የኢትዮጵያ ሙዚቃ በሸክላ የወጣው ያኔ ነው። ተሰማ በኋላ ነጋድራስ ተብለው የልጅ ኢያሱ ቅርብ ባለሟል ሆኑ። ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ስማቸው በአህጉሩ ናኘ። ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ ስብስብ ውስጥ የእነዚያ ሸክላዎች መቶኛ ዓመት በሃያ ሰባተኛው አልበም ሲታሰብ፣ የተሰማ ድምፅ እንደገና ለገበያ ወጣ።

አሁን ያንን የጀርመን ክፍል በዓይነ ኅሊና ማየት ነው። የማሲንቆ ግጥም በባሕርዩ የሁለት ወገን ሥራ ነው። አድማጩ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ ዘፋኙ ተቀብሎ ያዞረዋል፣ ያወድሳል፣ ይወጋል። ሳቁም፣ ጭብጨባውም፣ ጠጁም የዘፈኑ አካል ናቸው። ተሰማ ግን የሚዘፍነው አማርኛ ለማያውቁ ቴክኒሺያኖችና ለአንድ የብረት ቀንድ ነው። አንድ የሸክላ ገጽ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። እስከ ሌሊት የሚዘልቅ ጨዋታ የለመደ ሰው ሰዓት ተቆጥሮለት ይጀምራል፣ ሰዓት ተቆጥሮለት ያቆማል።

ስለዚህ «የድሮ ዘፈን አጭር ነበር» ብሎ ከሸክላው የሚደመድም ሰው ይሳሳታል። አጭሩ ሸክላው ነው። ይሁን እንጂ ቅጂው ሌላ ማንም መዝገብ የማይሰጠንን ይሰጠናል። የዘመኑ ሰው ቃላትን እንዴት እንደሚጠራ፣ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ማሲንቆውን እንዴት እንደሚያስከትል እንሰማለን። የጽሑፍ ግጥም ትንፋሽ የለውም። የተሰማ ሸክላ ግን ይተነፍሳል።

▪️ የእስረኛው ድምፅ

ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያው በጀርመን ሌላ ዓይነት ቀረጻ ተጀመረ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. ከ1915 እስከ 1918፣ ቪልሄልም ዶገን የተባለ የቋንቋ መምህር ከምሁራን ጋር ሆኖ በየእስረኞች ካምፑ እየዞረ ድምፅ ቀረጸ። ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛቶች የመጡ ወታደሮች፣ ሕንዳውያንና አፍሪካውያን ጭምር፣ በቀንዱ ፊት ቆመው እንዲናገሩ፣ እንዲዘፍኑ፣ እንዲቆጥሩ ተደረገ። ዓላማው የዓለምን ቋንቋዎች መሰብሰብ ነበር። የሚናገረው ሰው እስረኛ መሆኑ ለሥራው አመቺ ሆነ።

ታኅሣሥ 11 ቀን 1916 እ.ኤ.አ.፣ ቩንስዶርፍ በተባለው ካምፕ፣ ማል ሲንግ የተባለ ሕንዳዊ ወታደር ተቀረጸ። ስለ ራሱ ሲናገር «እኔ» አላለም። በአገሩ ቅቤ ይበላ ስለነበረ፣ ከዚያ ወደ አውሮፓ ጦርነት ስለመጣና በጀርመኖች እጅ ስለወደቀ፣ ወደ አገሩ መመለስ ስለሚመኝ አንድ ሰው አወራ። ቀራጮቹ የፈለጉት የፑንጃብኛ ድምፅ ናሙና ነበር። እሱ ግን ናሙናውን አቤቱታ አደረገው። የወታደሩ ናፍቆት ወደ ታሪክ የገባው በቋንቋ ጥናት በር ነው።

እነዚህ ቅጂዎች የሚያስተምሩት ይህንን ነው። መሣሪያውን የያዘው ሰው የሚፈልገውን ይጠይቃል፤ የተናገረው ሰው ግን ከተጠየቀው በላይ ይናገራል። አድማጩ ሁለቱን ለይቶ መስማት አለበት።

▪️ ድምፁ የማን ነው?

በርሊን እ.ኤ.አ. በ1900 በካርል ሽቱምፍ የተመሠረተ ትልቅ የድምፅ ቤተ መዛግብት አላት፤ በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ከተመዘገበም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. በ1906 የጀርመን የአክሱም ጉዞ ቡድን ሐኪም የነበረው ኤሪክ ካሽከ የቀረጻቸው ድምፆች እዚያ ይገኛሉ። የአክሱም ሐውልት ሲመለስ አገር ሙሉ አይቷል። በአንድ ሣጥን ውስጥ ስለተወሰደ ድምፅ ግን ሰልፍ የወጣ የለም፤ ድምፅ ሲወሰድ ባዶ ቦታ አያስቀርምና።

ይህ ጥያቄ መልስ የሌለው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1890 ጄሲ ዎልተር ፊውክስ የተባለ አሜሪካዊ በሜን ግዛት የፓሳማኳዲ ነባር ሕዝብን ዘፈንና ተረት በሰም ሲሊንደር ቀረጸ። በመስክ ጥናት ላይ ፎኖግራፍ ሲሠራ የመጀመሪያው ነው ይባላል። ሲሊንደሮቹ በሩቅ ተቋማት ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ቆዩ። በቅርብ ዓመታት ግን ቅጂዎቹ ለሕዝቡ ተመልሰው፣ የቋንቋው ተናጋሪዎች ራሳቸው አዳምጠው እየተረጎሟቸው ነው። የትኛው ለዓለም ይከፈት፣ የትኛው በማኅበረሰቡ ውስጥ ይቅር የሚለውን የሚወስኑትም እነሱ ናቸው። ሰሙ የትም ቢቀመጥ፣ ወርቁን የሚፈታው ቋንቋውን የሚያውቅ ነው።

▪️ ጣጣው እቤታችን ነው

የሌላውን ቤተ መዛግብት ከመጠየቅ ጎን ለጎን ወደ ራስ መመልከት ግድ ይላል። በየቤቱ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠው ካሴት ዛሬ የሰም ሲሊንደሩ ወንድም ሆኗል። የአያት ፉከራ፣ የሠርግ ዘፈን፣ የለቅሶ ሙሾ፣ ከዓረብ አገር የተላከ የድምፅ ደብዳቤ፣ ፊደል ያልቆጠረች እናት ለልጇ የተናገረችው ሰላምታ በእነዚያ ካሴቶች ላይ አለ። ማግኔታዊ ክር እያረጀ ይሄዳል፤ ማጫወቻውም ከገበያ እየጠፋ ነው። ሰም ላይ ያለ ድምፅ በትዕዛዝ ጠፋ፤ ካሴት ላይ ያለው በቸልታ ይጠፋል።

አንድ ነገር ከጀርመኖቹ መማር ይቻላል። ዶገን እስረኛውን ሲቀርጽ ስሙን፣ የተወለደበትን ቦታና የሚናገረውን ቋንቋ በቅጽ ላይ ይሞላ ነበር። ማል ሲንግ ዛሬ በስሙ የሚጠራው በዚያ ወረቀት ምክንያት ነው። በየቤቱ ያለው ካሴት ላይ ግን ብዙውን ጊዜ የተጻፈ ነገር የለም፤ ቢኖርም «የድሮ» የሚል ብቻ ነው። ድምፁን ወደ ስልክ መገልበጥ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ማን ተናገረ፣ የት፣ መቼ፣ ለምን የሚለውን መጻፍ ደግሞ የሚቻለው የሚያውቀው ሰው በሕይወት እያለ ብቻ ነው።

ምኒልክን የምንሰማቸው ንጉሥ ስለነበሩ ነው። ማል ሲንግን የምንሰማው እስረኛ ስለነበረ ነው። በሁለቱ መሐል ያለው ሰፊው ሕዝብ፣ ንጉሥም እስረኛም ያልሆነው፣ ድምፁ ያለው በእነዚያ አቧራ በለበሱ ካሴቶች ላይ ነው። እሱን የሚቀርጽ ፈረንጅ አይመጣም። ዛሬ ማታ ካሴቱን አውርዶ አቧራውን የሚጠርግና ጎን ላይ ስም የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል።