ክንድን ለማደንዘዝ ስንት ይበቃል?

ሐኪም የሰውን ክንድ ለማደንዘዝ ሲነሣ ሁለት ልኮችን ማስታረቅ ይኖርበታል፤ ይኸውም ነርቮቹን ለመክበብ የሚበቃውን የፈሳሽ ይዘትና የሕመምተኛው አካል ሳይመረዝ የሚችለውን የመድኃኒት ክብደት ነው። የሁለቱ አለመስማማት የሙያው የረጅም ዘመን ጭንቀት ሆኖ ኖሯል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ካርል ኮለር በ1884 ኮኬይን ዓይንን እንደሚያደነዝዝ ካሳወቀ በኋላ፣ በኒውዮርክ ዊልያም ሃልስቴድ የክንድን ነርቮች በቢላዋ ገልጦ በዓይኑ እያየ መድኃኒቱን ሰጠ፤ በራሱም ላይ ሲሞክር የኮኬይን ሱሰኛ ሆነ። በ1911 ጀርመናውያኑ ሂርሽል በብብት፣ ኩሌንካምፕፍ በአንገት ሥር፣ ሥጋ ሳይቀደድ በመርፌ ብቻ መውጋት ጀመሩ። ኩሌንካምፕፍ አስቀድሞ የሞከረው በገዛ አካሉ ላይ ነው። ሆኖም ቢላዋው ሲቀር ማየቱም አብሮ ቀረ፤ የመርፌው ጫፍ የት እንደ ደረሰ የማያይ ሰው ያለው አማራጭ አብዝቶ ማፍሰስ ነበር።

ምን ያህል አብዝቶ? በ1961 ሩዶልፍ ደ ዮንግ በብብት ውስጥ ነርቮቹንና ደም ቅዳውን የጠቀለለውን ሰገባ ወርዱ 3፣ ቁመቱ 6 ሳንቲ ሜትር እንደ ሆነ ሲሊንደር ቆጥሮ ይዘቱን 42 ሚሊ ሊትር አገኘ። አንደኛው ነርቭ ከሰገባው ከፍ ብሎ ስለሚወጣ ፈሳሹ እስከዚያ መድረስ ነበረበት። ለመሐንዲስ ደስ የሚል ስሌት ነው።

ነገሩ የሚከብደው 42ቱ ወደ ክብደት ሲለወጥ ነው። ከመቶ አንድ እጅ ሊዶካይን ቢሆን 420 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ አድሬናሊን ሲቀላቀልበት የተለመደው ወሰን በኪሎ 7 ሚሊ ግራም ስለሆነ፣ ለ60 ኪሎ ሰው ልክ 420 ነው፤ ቅንጣት ትርፍ የለውም። 50 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ወሰኑ 350 ነውና ሰገባው ሳይሞላ መድኃኒቱ ያልቃል። በግማሽ በመቶ ቡፒቫኬይን ደግሞ 42ቱ 210 ሚሊ ግራም ይይዛሉ፤ በኪሎ 2.5 ቢፈቀድ እንኳ ለ60 ኪሎ ሰው የሚደርሰው 150 ብቻ ነው። በ1979 ጆርጅ አልብራይት፣ ቡፒቫኬይንና ኤቲዶካይን ልብን በድንገት አቁመው ሕይወት ማሳጣታቸውን ጻፈ። መድኃኒቱ በስሕተት በቀጥታ ወደ ደም ሥር ከገባ፣ በኪሎ የተቀመጠው ወሰን ዋስትና አይሆንም፤ ስለዚህም መርፌውን መጀመሪያ ወደ ኋላ ስቦ ደም መኖሩን ማየትና መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ መስጠት ግዴታ ሆነ።

ሃልስቴድ በቢላዋ ያገኘውን እይታ አልትራሳውንድ መለሰው። በ1994 ካፕራልና ባልደረቦቹ በቪየና መርፌውን በዚሁ መሣሪያ እየመሩ ክንድን ማደንዘዛቸውን አሳተሙ። በ2008 ደግሞ ሪያዚና ባልደረቦቹ ትከሻቸው ለሚቀደድ ሕመምተኞች በአንገት በኩል የሚሰጠውን የግማሽ በመቶ ሮፒቫኬይን በ20 እና በ5 ሚሊ ሊትር አወዳደሩ። ሕመምን በማስታገስ ልዩነት አልታየም። ደረትንና ሆድን የሚለየው የመተንፈሻ ጡንቻ ግን 20 በተሰጣቸው ሁሉ በዚያው ጎን ሽባ ሆነ፤ 5 ከተሰጣቸው መካከል ይህ የደረሰው በ45 በመቶው ነው። የ5 ሚሊ ሊትሩ ክብደት 25 ሚሊ ግራም ነበር።