የአነስተኛ አሳታሚዎች የመጽሐፍ ስርጭት

የመጽሐፍ ስርጭት አንድ መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ አንባቢ እጅ እስኪገባ፣ የሽያጩም ገንዘብ ወደ አሳታሚው እስኪመለስ ድረስ ያለው የንግድ ሂደት ነው። ትልልቅ አሳታሚዎች የራሳቸው መጋዘንና የሽያጭ ሠራተኞች ሊኖሯቸው ይችላል። በዓመት ጥቂት መጻሕፍት ብቻ የሚያወጡ አነስተኛ ነጻ አሳታሚዎች ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ሥራ ለአከፋፋይ ይሰጣሉ። የኅትመቱን ወጪ አስቀድሞ የሚከፍለው አሳታሚው ሲሆን፣ ከሽያጩ ገንዘብ ድርሻውን በመጨረሻ የሚያገኘውም እሱ ነው።

ተሳታፊዎች

አሳታሚው ጽሑፉን መርጦ ያስተካክላል፣ ለኅትመትም ገንዘብ ያወጣል። ማተሚያ ቤቱ በክፍያ ያትማል እንጂ በሽያጩ ትርፍና ኪሳራ ውስጥ የለበትም። አከፋፋዩ መጻሕፍቱን በመጋዘን ያስቀምጣል፣ ለመደብሮች ያስተዋውቃል፣ ያደርሳል፣ ሒሳብም ይሰበስባል። ጅምላ ሻጭ በአንጻሩ መደብሮች ያዘዙትን ያቀርባል እንጂ መጽሐፉን የማስተዋወቅ ኃላፊነት የለበትም።

ክፍያና ቅናሽ

አከፋፋዩና መደብሩ የሚያገኙት ገቢ በመጽሐፉ የሽፋን ዋጋ ላይ ከሚደረግ ቅናሽ የሚመጣ ነው። ለምሳሌ አንድ አሳታሚ 1,000 ቅጂ ለእያንዳንዱ 150 ብር ከፍሎ ቢያሳትም፣ ወጪው 150,000 ብር ይሆናል። የሽፋን ዋጋው 400 ብር፣ ቅናሹም 40 በመቶ ቢሆን፣ ከአንድ ቅጂ ለአሳታሚው የሚደርሰው 240 ብር ነው። የማተሚያውን ወጪ ብቻ ለመመለስ 625 ቅጂ ተሽጦ ገንዘቡ መሰብሰብ አለበት። የአርታኢ፣ የሽፋን ሥራ፣ የማጓጓዣና የደራሲ ክፍያ በዚህ ስሌት አልተካተተም።

መጻሕፍት በብዛት የሚሰጡት በአደራ ወይም በዱቤ ነው። በአደራ ሲሆን መደብሩ የሚከፍለው ለሸጠው ብቻ ነው። በዱቤ ሲሆን ክፍያው ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። በአሜሪካ መደብሮች ያልሸጡትን መጽሐፍ ለአሳታሚው የመመለስ መብት አላቸው። ይህ ልማድ የተስፋፋው በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት፣ መደብሮች አዲስ መጽሐፍ ለመግዛት እንዳይፈሩ ለማበረታታት ነበር። በመሆኑም የተላከ መጽሐፍ ሁሉ የተሸጠ መጽሐፍ አይደለም፤ ከወራት በኋላ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።

የአከፋፋይ መክሰር

ገንዘቡ በአከፋፋዩ እጅ ስለሚቆይ የእሱ መክሰር አሳታሚውን በቀጥታ ይጎዳል። ከላይ ባለው ምሳሌ 500 ቅጂ ተሽጦ ሒሳቡ ሳይከፈል አከፋፋዩ ቢከስር፣ አሳታሚው 120,000 ብር ያጣል።

በአሜሪካ ፐብሊሸርስ ግሩፕ ዌስት የተባለው አከፋፋይ ባለቤት የነበረው አድቫንስድ ማርኬቲንግ ሰርቪስስ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 29 ቀን 2006 በፍርድ ቤት የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ከመቶ በላይ ነጻ አሳታሚዎች በዓመቱ መጨረሻ የበዓል ገበያ የተሸጡ መጻሕፍታቸውን ሒሳብ ገና አልተቀበሉም ነበር። ፐርሲየስ የተባለው ድርጅት ከእሱ ጋር ለሚዋዋሉ አሳታሚዎች ከሚፈለግላቸው ሒሳብ 70 በመቶውን ለመክፈል ሐሳብ አቀረበ።

በ1969 (እ.ኤ.አ.) በበርክሌይ፣ ካሊፎርኒያ የተመሠረተው ስሞል ፕሬስ ዲስትሪቢዩሽን የተባለው ለትርፍ ያልቆመ አከፋፋይ ደግሞ በመጋቢት 2024 (እ.ኤ.አ.) ያለ ማስጠንቀቂያ ተዘጋ። ወደ 400 የሚጠጉ አሳታሚዎች አከፋፋይ አልባ ሆኑ፤ ብዙዎቹም ሌላ ቦታ መጋዘን የገቡ መጻሕፍታቸውን ለማስመለስና ያልተከፈላቸውን ለማግኘት ተቸገሩ።

በኢትዮጵያ

በደርግ ዘመን ኩራዝ አሳታሚ ድርጅት መጻሕፍትን ከማሳተም አልፎ ያከፋፍልም ነበር። ዛሬ ብዙ የአማርኛ መጻሕፍት የሚታተሙት በደራሲው ወጪ ሲሆን፣ አሳታሚውም አከፋፋዩም ራሱ ደራሲው የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። የአዲስ አበባ መጻሕፍት መደብሮች የችርቻሮ ብቻ ሳይሆን የማከፋፈል ሥራም ይሠራሉ፤ አንዳንዶቹም ያሳትማሉ። መጻሕፍትን በክንዳቸው ደርድረው ከካፌ ካፌ የሚዞሩ አዟሪዎችም የስርጭቱ አካል ናቸው። ለክፍለ ሀገር ከተሞች መጻሕፍት በአውቶቡስም ይላካሉ።

ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር የሚሰጠው የኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ነው። የደራሲያን መብት በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ቢሆንም፣ ያለ ፈቃድ በፒዲኤፍ ተገልብጠው በቴሌግራም የሚሰራጩ መጻሕፍት ብዙ ናቸው። ይህም ቅጂዎቻቸው ገና በመደብር ያሉ አሳታሚዎችን ይጎዳል።

አማራጭ መንገዶች

አሳታሚዎች በአንድ አከፋፋይ ላይ ያላቸውን ጥገኝነት ለመቀነስ ልዩ ልዩ ዘዴዎችን ይጠቀማሉ። በመጽሐፍ ምረቃና በዐውደ ርዕይ ለአንባቢ በቀጥታ ሲሸጡ ለአከፋፋይ የሚሰጠው ቅናሽ ይቀራል። ከኅትመት በፊት ክፍያ መቀበል የማተሚያውን ወጪ በከፊል ይሸፍናል። በትእዛዝ ልክ ማተም የመጋዘን ክምችትን ያስቀራል፤ የአንዱ ቅጂ የማተሚያ ዋጋ ግን ይጨምራል። ኤሌክትሮኒክና የድምፅ መጻሕፍት ማጓጓዣ ስለማይጠይቁ በውጭ አገር ለሚኖሩ የአማርኛ አንባቢዎች በቀላሉ ይደርሳሉ። ከአከፋፋይ ጋር በሚደረግ ውልም የቅናሹን መጠን፣ የሒሳብ ማሳወቂያና የክፍያ ቀን፣ ያልተሸጡ ቅጂዎች የሚመለሱበትን ሁኔታና እስኪሸጡ ድረስ የመጻሕፍቱ ባለቤት ማን እንደሆነ በጽሑፍ መወሰን የተለመደ ጥንቃቄ ነው።