በቀኝ የሚነዳ፣ በግራ የሚሄድ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንድ ማለዳ በሲ.ኤም.ሲ. ጎዳና ዳር ቆመን ታክሲ ስንጠብቅ፣ ሰማንያ ዓመት የሚሆናቸው አንድ ሽማግሌ ከአንድ ወጣት ባለመኪና ጋር ሲነጋገሩ ሰማን። ሽማግሌው ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ጀርባቸውን ለመኪና ሰጥተው የአስፋልቱን የቀኝ ጠርዝ ተከትለው ይሄዱ ነበር። የእግረኛው መንገድ በዚያ በኩል በድንጋይና በአሸዋ ክምር ተይዞ ነበርና ሌላ መሄጃ አልነበራቸውም። ወጣቱ ከኋላቸው መጥቶ ጡሩምባውን ቢያስጮኸው ደንግጠው ወደ መሀል ገቡ፤ እርሱም በጭንቅ አቆመ። መስኮቱንም ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ ግራዎን ይዘው ይሂዱ እንጂ! ቀኙ የመኪና ነው» አላቸው። ሽማግሌው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ዝም ብለው ቆዩና፣ «ልጄ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ የመኪናው ግራው ነበር» ሲሉ መለሱለት። ወጣቱ ዕድሜ ያመጣው ንግግር መስሎት ሳይሆን አይቀርም፣ ፈገግ ብሎ ሄደ።

ሽማግሌው ግን አልተሳሳቱም። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በአገራችን መኪና የሚነዳው በመንገዱ ግራ በኩል ነበር። ወደዚህ ነገር ከመድረሳችን በፊት ግን፣ መኪና ሳይመጣ መንገዱ የማን እንደ ነበረ ማየት ይገባናል።

በጥንቱ ሥርዓት መንገድ የሚለቀቀው በግራና በቀኝ ሳይሆን በማዕርግ ነበር። በበቅሎ የሚሄድ ሰው ከእርሱ የሚበልጠውን ባለማዕርግ ሲያገኝ ከበቅሎው ወርዶ፣ እጅ ነሥቶ፣ ያሳልፈዋል። መኳንንት ሲያልፉ አጃቢው ቀድሞ ሕዝቡን ገለል ያደርጋል። «እግረኛ» የሚለው ቃል ራሱ በጦሩ ውስጥ ከፈረሰኛው የሚለየውን ወታደር የሚያመለክት ነበርና፣ በቃሉ ውስጥ ዝቅ ያለ ደረጃ አለበት። ሆኖም ሁሉም በአንድ መሬት ላይ፣ ብዙም ባልተራራቀ ፍጥነት ይሄድ ስለ ነበረ፣ የበቅሎ ጉዞ እግረኛውን ቢያዋርደው እንጂ አይገድለውም ነበር።

በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌ የተባለ እንግሊዛዊ የመጀመሪያውን መኪና ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አመጣ። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ የመጡት መኪናዎች አዲስ ሕግ ይዘው ቢመጡም፣ የድሮውን ልማድም ወርሰዋል ብንል ማጋነን አይሆንም። በፊት «ዞር በል!» እያለ የሚቀድመው አጃቢ ቀርቶ ጡሩምባው ተተካ። እስከ ዛሬም ብዙው ነጂ ጡሩምባውን የሚያስጮኸው «ተጠንቀቅ» ለማለት ሳይሆን «ልቀቅ» ለማለት ነው። ለረጅም ዘመን ግን በአዲስ አበባ መንገድ ላይ የሚበዙት መኪናዎች ሳይሆኑ እግረኞች፣ የጭነት አህዮችና ሰው የሚያመላልሱ የፈረስ ጋሪዎች ነበሩ። ከጣልያን ወረራ በኋላ ነገሩ ፈጠነ፤ በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመና አገርን ከአገር የሚያገናኙ መንገዶች መሠራትና መጠገን ያዙ።

እንግዲህ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ላይ ደረስን። በዚያ ቀን በኢትዮጵያ መንገዶች ሁሉ መኪና ከግራ ወደ ቀኝ ተሻገረ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ስዊድን ይህንኑ ለውጥ ያደረገችው ከእኛ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሕዝቡን ለማዘጋጀት በጋዜጣ፣ በቴሌቪዥን፣ በዘፈን ሳይቀር ሲቀሰቅስ ቆይቶ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ መኪናውን ሁሉ አቁሞ በአንድነት ወደ ቀኝ አሻገረ። ጎረቤታችን ሱዳን ወደ ቀኝ የዞረችው በ1965 ዓ.ም. ነው። ኬንያ እስከ ዛሬ በግራ ትነዳለች።

ስለዚህ ለውጥ ሲነገር የሚታሰበው ነጂው ነው። እኛ ግን ከነጂው ይልቅ የተለወጠበት እግረኛው ነው እንላለን። ነጂው ሲሳሳት ከፊት ለፊቱ የሚመጣው መኪና ወዲያው ያርመዋል፤ ከብረቱም ውስጥ ነው። እግረኛው ግን ከልጅነቱ ጀምሮ መንገድ ሊሻገር ሲል አስቀድሞ ወደ ቀኝ ማየት የለመደ ሰው፣ ከሰኔ 1 በኋላ አስቀድሞ ወደ ግራ ማየት አለበት። ፊቱን ለመኪና ሰጥቶ መሄድ ከፈለገም የሚይዘው ጠርዝ ተገለበጠበት፤ «እግረኛ ግራውን ይያዝ» የሚለው ትምህርት ትርጉም ያገኘው መኪና ወደ ቀኝ ስለ ሄደ ነው። ከገጠር ለገበያ የመጣ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክማ የምትወርድ ሴት፣ ይህን የአንገት ልማድ በአንድ ቀን ይለውጡ ዘንድ መጠበቅ ከባድ ነበር።

በዚያው ዘመን የኢትዮጵያን እግር ለዓለም ያሳየው አበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በባዶ እግሩ ሮጦ ሮማን አሸነፈ፤ መንገዱ ከተገለበጠ ከአራት ወር በኋላ ደግሞ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም.፣ በቶኪዮ ደገመው። ይህ ሰው መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት ቮልስዋገኑን እየነዳ ሳለ፣ ከእኛ ሰፈር በስተሰሜን ምሥራቅ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሸኖ አቅራቢያ መኪናዋ ተገለበጠችበት። ከዚያ በኋላ በእግሩ አልሄደም፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐረፈ። በዚያ መንገድ ስንጓዝ፣ ያንን እግር የያዘው መንገድ መሆኑን ሳናስበው ያለፍንበት ጊዜ የለም።

የብስክሌተኛውን ነገር በአጭሩ እናንሣ። ብስክሌተኞቻችን በ1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በተሳተፈችበት በሜልቦርን ኦሎምፒክ ተወዳድረዋል። እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ባሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት የዕለት መጓጓዣ ነው። አዲስ አበባ ግን ከ3000 ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ ጫፍ ቁልቁል የተዘረጋች ስለ ሆነች ዳገቱ ራሱ ብስክሌተኛን ያሳንሳል። ያለውም ቢሆን ወገን የለውም፤ ነጂው ከእግረኛ ይቈጥረዋል፣ እግረኛው ከመኪና።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ። ሲ.ኤም.ሲ. የሚለው ስም የአማርኛ ቃል ሳይሆን፣ ራቬና በተባለች የጣልያን ከተማ የተመሠረተ የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር የስሙ መጀመሪያ ፊደላት ነው። በደርግ ዘመን ይህ ድርጅት በሠራቸው ቤቶች ምክንያት ስሙ በሰፈሩ ላይ ቀረ። እንደ ብዙዎቹ የከተማችን ሰፈሮች በቤተ ክርስቲያን ወይም በባላባት ስም ሳይሆን በሥራ ተቋራጭ ስም የሚጠራ ሰፈር መሆኑ ያስገርመናል። ከቤቶቹ በኋላ ሰው ወደ አያት፣ ወደ መሪ፣ ወደ ሰሚት እየሰፋ ሄደ፤ ጎዳናውም ሰፋ። በ1990ዎቹ የተሠራው የቀለበት መንገድ መገናኛን ሲያልፍ እግረኛውን ወደ ድልድይ አወጣው። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ከአያት ተነሥቶ እስከ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው የቀላል ባቡር መስመር በጎዳናው መካከል አለፈ።

ባቡሩ ትልቅ ጥቅም መስጠቱን አንክድም፤ እኛም ተሳፍረንበታል። ነገር ግን በጎዳናው መካከል ሁለት ሐዲድና አጥር ሲዘረጋ፣ በፊት ጎረቤት የነበሩ ሁለት ዳሮች ሁለት ሰፈር ሆኑ። ፊት ለፊት ያለውን ሱቅ ለመድረስ እስከ ባቡር ጣቢያው መሻገሪያ ሄዶ መመለስ ያስፈልጋል። ሰው ርቀቱን ይጠላና አጥሩን ይዘላል፤ ከዘለለ በኋላ የሚያርፈው መኪናው በሚፈጥንበት አስፋልት ላይ ነው። በአዲስ አበባ ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በእግር ነው፤ በመኪና አደጋ ከሚሞቱትም አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ይህን የሚያውቁ ባለሥልጣኖች አልጠፉም። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል ስም በተመረጡ እሑዶች አንዳንድ ጎዳናዎች ለመኪና ተዘግተው ልጆች ኳስ ሲጫወቱባቸው ታይቷል፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በተሠሩት ጎዳናዎችም ሰፊ የእግረኛ መንገድና የብስክሌት መስመር ተለይቶ ተሠርቷል።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ያ ወጣት ለሽማግሌው የሰጠውን ምክር መለስ ብለን አሰብነው። «ግራዎን ይያዙ» የሚለው ቃል ትክክል ነው፤ በጠባብ መንገድ ላይ ሕይወት ያድናል። በሲ.ኤም.ሲ. ጎዳና ግን ግራው ጠርዝ የሚገኘው ከማዶ ነው። ሽማግሌው ያንን ምክር ይፈጽሙ ዘንድ አንዱን አስፋልት፣ አጥሩን፣ ሁለቱን ሐዲድ፣ እንደገና አጥሩን፣ ከዚያም ሌላውን አስፋልት ማለፍ ነበረባቸው። በእጃቸው ያለው ከዘራ ነው።

በማግስቱ በዚያው ስናልፍ የአሸዋው ክምር እንደ ነበረ ነው፤ ጥቂት ተጨምሮበታል እንኳ። ሽማግሌውም በቀኝ ጠርዝ ይመጣሉ፤ ቤታቸው በዚያ በኩል ነውና። ከትናንቱ የተለየው፣ ከክምሩ ሲደርሱ ቆም ብለው አንገታቸውን ወደ ኋላ ማዞራቸው ብቻ ነበር።