ቁም ሣጥን የሚያህሉት ኮምፒውተሮች ዕድሜያቸው እንዴት ይራዘም ነበር?

እዚህ ዊንጌት፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል አለፍ ብላችሁ ያረጀ ላፕቶፕ ለጠጋኝ ብታሳዩ የመጀመሪያ ምክሩ «አዲስ አትግዛ፤ ሃርድ ዲስኩን አውጥተን ኤስኤስዲ እንክተትበት፣ ራም እንጨምርበት» ነው። የሰፈራችን ፈጠራ ይመስላል አይደል? ከ40 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ንግድ ነው። ታሪኩ አዲስ አበባንም ይነካል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ከቤታችን እንነሳ። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1980 ፓዲስ የሚባል የመረጃ ሥርዓት እዚሁ አዲስ አበባ አቋቋመ። ስለ አፍሪካ ልማት የተጻፉ ሰነዶችን መዝግቦ ለአባል አገሮች ማድረስ ነበር ሥራው። የሚሠራበት ማሽን ደግሞ ኤችፒ 3000 የተባለ ሚኒ ኮምፒውተር ነው። «ሚኒ» ሲባል ትንሽ መስሏችሁ እንዳትሸወዱ! ሚኒ የተባለው ሙሉ ክፍል ከሚይዘው ሜይንፍሬም አንጻር ነው እንጂ የቁም ሣጥን ግዝፈት ነበረው፤ ዲስኩም ለብቻው ይቆማል።

ለምን ኤችፒ? ነገሩ ወዲህ ነው። የካናዳው የልማት ምርምር ማዕከል (አይዲአርሲ) ሚኒሲስ የሚባል የሰነድ መመዝገቢያ ሶፍትዌር ሠርቶ ለታዳጊ አገር ተቋማት በነጻ ይሰጥ ነበር። ነጻ ነው፤ ግን የሚሠራው ኤችፒ 3000 ላይ ብቻ ነው። ጉርድ ሾላ የነበረው የአፍሪካ እንስሳት ሀብት ማዕከል (ኢልካ) በዚሁ ሚኒሲስ ይገለገል ነበር። በሬውን በነጻ ሰጥተውህ ቀንበሩን ከአንድ ነጋዴ ብቻ ግዛ እንደማለት ነው። ዲስኩ ሲሞላ ወይ ሚሞሪው ሲያንስ፣ ስንት ዓመት የሰበሰብከውን መዝገብ ጥለህ ወደ ሌላ ማሽን መዞር አይሆንም። ያለህን ማሽን ማስፋት ነው።

ይህን ችግር ያየ ነጋዴ በዓለም ላይ አልጠፋም። ገበያው በተለይ የደራው በዲጂታል ኢኪዩፕመንት (ዴክ) ማሽኖች ዙሪያ ነው። ፒዲፒ-11 የተባለው ማሽናቸው በ1970 ወጣ። አርኬ05 የሚባለው ተነቃይ ዲስኩ የሚይዘው 2.5 ሜጋባይት ነው፤ ዛሬ በስልካችሁ የምታነሱት አንድ ፎቶ እንኳ ላይገባበት ይችላል። እንደ ኢሙሌክስ ያሉ ኩባንያዎች ሌላ ፋብሪካ የሠራውን ትልቅ ዲስክ ከዴክ ማሽን ጋር የሚያገናኝ መቆጣጠሪያ ካርድ ይዘው መጡ።

ብልሃቱ ምን መሰላችሁ? ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የድሮውን ዲስክ ብቻ ነው። «ከዚህ ትራክ፣ ከዚህ ሴክተር አምጣ» ይላል። ካርዱ ትእዛዙን ተቀብሎ ወደ አዲሱ ዲስክ አድራሻ ይተረጉመውና ያመጣለታል። ማሽኑ ከድሮው ዲስክ ጋር ያወራ ይመስለዋል፤ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን መነካካት አያስፈልግም። አዲሱ ዲስክ የድሮውን እጥፍ ቢሆንስ? ካርዱ ለሁለት ከፍሎ ሁለት የድሮ ዲስኮች አስመስሎ ያቀርበዋል። አስተርጓሚ ብቻ ሳይሆን ትንሽ ውሸታምም ነው እንግዲህ።

ሚሞሪ ላይም እንዲሁ ነው። ፒዲፒ-11/34 ሚሞሪ የሚጠራበት አድራሻ 18 ቢት ስለሆነ ከ248 ኪሎባይት በላይ ብትገዛለትም አያየውም። ኤብል ኮምፒውተር የተባለ ድርጅት አድራሻውን ወደ 22 ቢት የሚያሰፋ ካርድ ሸጠ፤ ጣሪያው ወደ 4 ሜጋባይት ከፍ አለ። ሙሉ ማሽን ከመቀየር አንድ ካርድ!

በነገራችን ላይ ኢኤምሲ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ ከዚሁ ንግድ የወጣ ነው። በ1979 ሲቋቋም መሥራቾቹ የቢሮ ዕቃ ይሸጡ ነበር። ቀጥሎ ፕራይም ለሚባሉ ሚኒ ኮምፒውተሮች የሚሆን 64 ኪሎባይት የሚሞሪ ካርድ መሸጥ ጀመሩ። ዴል በ2016 ሲጠቀልለው ዋጋው ከ60 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

አምራቾቹ እጃቸውን አጣጥፈው አላዩም። ዴክ በ1980ዎቹ ለቫክስ ማሽኖቹ ያወጣውን አዲስ የካርድ መሰኪያ መስመር በፓተንት አጠረው። ሌላው ጣጣ ጥገና ነው። ማሽኑ ሲቆም ኮምፒውተር ሠሪው «ጥፋቱ የዲስኩ ነው» ይላል፤ ዲስክ ሻጩ «የኮምፒውተሩ ነው» ይላል። ኢንጂነሩ በመኪና ከሚደርስባት ቦስተን እና መለዋወጫው በአውሮፕላንና በውጭ ምንዛሪ ከሚመጣባት አዲስ አበባ ጣጣው የቱ ጋ እንደሚከፋ ገምቱ። በኔ ግምት እኛ ጋ ርካሹ ካርድ ሁልጊዜ ርካሽ አይሆንም።

ከዚያ ፒሲ መጣ። ዩኔስኮ በ1985 ሲዲኤስ/ኢሲስ የተባለውን የሰነድ ሶፍትዌር ጠረጴዛ ላይ ለሚቀመጥ ኮምፒውተር አወጣ። ፓዲስም በ1990ዎቹ መጀመሪያ በፒሲና በሞደም የፊዶኔት ኢሜይል ለአፍሪካ አገሮች ማዳረስ ጀመረ። ኤችፒ የ3000ን ሽያጭ በ2003 ዘጋ። ዛሬ ያ ሁሉ ቁም ሣጥን በአንድ ፒሲ ውስጥ በሶፍትዌር ተመስሎ ይሠራል።

በኮሚሽኑ ወይ በኢልካ የማሽን ክፍል የሠራችሁ ጋሼዎችና እትዬዎች፣ አሁን ጡረታ ላይ ትሆናላችሁ። ዲስኩ ሲሞላ ምን ታደርጉ ነበር? ቴፖቹስ ወደ ፒሲ እንዴት ተገለበጡ? ኮመንት ላይ ጻፉልን፤ ፎቶ ካላችሁም ለጥፉት።