ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታና «የምን ሥዕል ነው?» የሚለው ጥያቄ

በትምህርት ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ ሥዕል ሲሰቀል ተማሪውም ወላጁም አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ «የምን ሥዕል ነው?» የሚል ነው። የተሣለው ነገር ተለይቶ ካልታወቀ ሥዕሉ እንደ ጎደሎ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ይኸው ጠያቂ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ወርዶ በአለላ የተሰፋ ሰፌድ ሲገዛ «ይህ የምን ምስል ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ቀለሙ ከቀለም መስማማቱን፣ መሥመሩም ከመሥመር መግጠሙን አይቶ ይረካል። ቀጥሎ ታሪኩ የሚተረክለት ሠዓሊ የሥራ ዘመኑን በእነዚህ በሁለቱ አመለካከቶች መካከል ያሳለፈ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1932 በሐረር ከተማ ተወለደ። አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ፣ የብራና መጻሕፍትን በሥዕል የሚያስጌጡ ባለሙያም ነበሩ። ስለዚህ ልጁ ከቀለም ጋር የተዋወቀው ገና በአባቱ ቤት ሳለ ነው። ዕድሜው ለከፍተኛ ትምህርት ሲደርስ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የእርሻ ሳይንስ መማር ጀመረ፤ ነገር ግን ልቡ ከሥዕል አልለይ ስላለው ትምህርቱን ሳይፈጽም ተወው። በዚያ ጊዜ እንጀራው የተረጋገጠ ሙያ ትቶ ሠዓሊ መሆን ምን ያህል ድፍረት ይጠይቅ እንደነበር ለመገመት አያዳግትም። በ1957 ወደ ጀርመን አገር ሄዶ በኮሎኝ ከተማ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያም እስከ 1961 ተማረ።

የሠዓሊውን አካሄድ ለመረዳት የደረሰበትን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል። ናዚዎች በ1937 በሙኒክ ከተማ ባዘጋጁት ትርኢት አዲሱን የአሣሣል ስልት የዘቀጠ ጥበብ ነው ብለው በሕዝብ ፊት አዋርደውት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን ሠዓሊዎች ወደ ረቂቅ ሥዕል ሲመለሱ ነገሩ አዲስ ፈሊጥ የመከተል ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ በትእዛዝ ከመሣል ነጻ የመውጣት ምልክትም ነበር። በ1955 በካሰል ከተማ የተከፈተው ዶኩሜንታ የተባለው ታላቅ ትርኢት ይህንኑ መንፈስ ለዓለም አሳየ። በኢጣልያም አልቤርቶ ቡሪ የተባለው ሐኪም፣ በአሜሪካ ቴክሳስ በጦር ምርኮኝነት ሳለ ሥዕል ጀምሮ፣ አገሩ ከተመለሰ በኋላ የተቀደደና የተጣፈ ጆንያ እንደ ሥዕል አቅርቦ ብዙዎችን አስደነቀ፤ ብዙዎችንም አስቆጣ። ገብረ ክርስቶስ የተማረው አውሮፓ ከፍርስራሽ ተነሥቶ ሥዕል ምንድን ነው ብሎ እንደገና በሚጠይቅበት በዚህ ወቅት ነው።

በ1962 ወደ አገሩ ተመልሶ አቶ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። በ1963 ሥራዎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ በአድናቂዎችና በነቃፊዎች መካከል ብርቱ ክርክር ተነሣ። የነቃፊዎቹ ዋና ነጥብ፣ ሥዕሉ ከውጭ የመጣ ነው፣ ኢትዮጵያዊነት የለውም የሚል ነበር። በዚያው ዓመት የሣለው «ጎልጎታ» ለክርክሩ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ርእሱ ለአማኙ ሕዝብ እጅግ የታወቀ ነው፤ አሣሣሉ ግን ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከለመደው ስቅለት ፈጽሞ ይለያል። መከራው የሚነገረው በፊት ገጽታ ሳይሆን በቀይ ቀለም ኃይል ነው።

ሥዕሉ ኢትዮጵያዊነት የለውም የሚለው ክስ ግን ሲመረመር የሚጸና አይመስልም። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን የዐይን ምስክርነትን አልተከተሉም። ጻድቁን ሁለት ዐይን አድርገው፣ ኃጥኡን በአንድ ዐይን በጎኑ የሣሉት ሰው እንዲህ ስለሚታይ ሳይሆን ሐሳብን በቅርጽ ለመግለጽ ነው። በክታብ ላይ የሚሣለው ጠልሰም፣ በብራና ራስጌ የሚዘረጋው ሐረግ፣ በእጅ የተጻፉ ቁርኣኖች የሚያጌጡበት የመሥመርና የአበባ ጥልፍልፍ ሁሉ ረቂቅ ነው። እንዲያውም የሰውን መልክ ልክ እንደ ፎቶግራፍ አስመስሎ በዘይት ቀለም መሣል ነው ለአገራችን አዲስ የነበረው። ስለዚህ ገብረ ክርስቶስ ኮሎኝ ሄዶ ያገኘውን ነገር ከአባቱ ብራና ጋር ጨርሶ ባዕድ ነው ማለት አይቻልም።

ክርክሩ እንዳለ ሆኖ ሥራው ዋጋ አላጣም። በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ተቀበለ። በ1966 ከፓሪስ የተመለሰው እስክንድር ቦጎስያንም በዚያው ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረና በ1967 ይህንኑ ሽልማት አገኘ። ሁለቱ ሠዓሊዎች በስልት ቢለያዩም፣ ተማሪዎቻቸው ሥዕል ከመምሰል ያለፈ ተግባር እንዳለው እንዲያዩ በማድረግ አንድ ነበሩ። ገብረ ክርስቶስ ከዚህም ሌላ ባለቅኔ ነበር፤ በባዕድ አገር ሆኖ የትውልድ አገርን መናፈቅ የሚገልጸው «ሀገሬ» የተባለው ግጥሙ እስከ ዛሬ ይነበባል።

ከ1974 አብዮት በኋላ ሥነ ጥበብ የትግል መሣሪያ እንዲሆን፣ መልእክቱም ለሁሉ በግልጽ እንዲታይ ሲጠየቅ፣ «የምን ሥዕል ነው?» የሚለው የተመልካች ጥያቄ የመንግሥት ጥያቄ ሆነ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ገብረ ክርስቶስ አገሩን ለቆ በመጀመሪያ ወደ ጀርመን፣ ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሰደደ። በመጋቢት 1981፣ ሃምሳ ዓመት ሳይሞላው፣ በኦክላሆማ ግዛት ሎተን በተባለች ከተማ ዐረፈ። ናፍቆትን በግጥም የገለጸው ሰው አገሩን ዳግመኛ ሳያይ ቀረ።

ሥራዎቹ ግን ከእርሱ የተሻለ ዕድል አገኙ። ግጥሞቹ በ2006 «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» በሚል ርእስ በመጽሐፍ ታተሙ። በ2008 ደግሞ በጀርመን አገር ተጠብቀው የቆዩ ሥዕሎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በስሙ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፈተላቸው። ሥዕሎቹን የጠበቀልን ባዕድ አገር መሆኑ የሚያስመሰግነው ጠባቂውን ነው፤ እኛን ግን ያሳስበናል።

ይህ ታሪክ በሙያችን ላይ የሚጥለው ግዴታ ትንሽ አይደለም። አንድ ተማሪ ማንንም የማይመስል፣ ቀለም ብቻ የሆነ ሥዕል ይዞ ሲመጣ «ይህ ምንድን ነው?» ብለን ወረቀቱን ከመመለሳችን በፊት፣ ሰፌዱን የምናይበትን ዐይን አውጥተን ብናየው መልካም ነው። በሰንበቴ ገበያ በየሳምንቱ የምናሳየው ማስተዋል ከክፍላችን በር ውጭ ሊቀር አይገባውም።