የተሽከርካሪ ነዳጅ ፍጆታ (ቤንሻንጉል ጉሙዝ)

የነዳጅ ፍጆታ ተሽከርካሪ የተወሰነ ርቀት ለመጓዝ የሚያቃጥለው የነዳጅ መጠን ነው። የኢትዮጵያ አሽከርካሪዎች በሊትር በሚኬደው ኪሎ ሜትር ይገልጹታል፤ የአምራቾች ሰነድ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ100 ኪሎ ሜትር በሚፈጀው ሊትር። ከቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ከአሶሳ እስከ አዲስ አበባ 660 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ፒክአፕ 66 ሊትር ገደማ ይፈልጋል።

መንገዱ በመንዲ፣ በጊምቢና በነቀምት ያልፋል፤ ዴዴሳ ሸለቆ ወርዶ መልሶ ዳገት ይወጣል። ዳገት፣ ከባድ ጭነት፣ የክረምት ጭቃና በዝቅተኛ ማርሽ መንዳት ፍጆታን ይጨምራሉ፤ የጎማ ነፋስ መጉደልም እንዲሁ። የናፍጣ ሞተር ከአቻው የቤንዚን ሞተር ያነሰ ሊትር ይፈጃል፤ ናፍጣ በሊትር የሚይዘው ኃይል ይበልጣል፣ ሞተሩ አየርን የሚያምቅበት መጠንም ከፍተኛ ነው። ባጃጅና ሞተር ሳይክል ክብደታቸው ትንሽ በመሆኑ ይቆጥባሉ።

ኢትዮጵያ ነዳጇን የምታስገባው በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስለሆነ፣ ምዕራብ ጫፍ ላይ ላለችው አሶሳ የማጓጓዣው መንገድ ረጅም ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክሏል። እነሱን ለሚተኩት የኤሌክትሪክ መኪኖች ኃይል ሊያቀርብ የሚችለው፣ በክልሉ ጉባ ወረዳ የተገነባው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የኤሌክትሪክ መኪና ፍጆታ በ100 ኪሎ ሜትር በሚወስደው ኪሎዋት ሰዓት ይለካል።